እኩል ማዋጣት እኩልነት ነውን?

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይላል ያገራችን ሰው። እኛ ተማሪዎቹ ለጥምቀት የምናወጣው አዲስ ልብስ ስላልነበረን ተረቱን ወደ ሆዳችን አዞርነውና «ለጥምቀት ያልሆነ ብር ይበጣጠስ» አልን። ነገሩ የሆነው በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር ነው። ከክፍለ ሀገር ግቢያችን 11 ሆነን በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ሄድን። ሐሳባችን ብሔራዊ ሙዚየምንና የስድስት ኪሎውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ማየት፣ ከዚያም ከተራንና ጥምቀትን ጃን ሜዳ ማክበር ነበር። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ሙዚየሙም ጃን ሜዳውም አይደለም፤ ምሳና ራት ነው። «ምሳና ራት ደግሞ ምኑ ለፍልስፍና ይበቃል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ከመሄዳችን በፊት እኛም እንደዚያው ነበር የምናስበው።

ከ11ዱ መካከል ሦስታችን የምግብ ኮሚቴ ተባልን። ይህን የምንጽፈውም እኛው ሦስታችን ነን። ማደሪያ የሰጡን ያንዷ ጓደኛችን ዘመዶች ናቸው። ለ11 ሰው ፍራሽ ያነጠፈ ቤት ምግብም ያቅርብ ማለት ነውር ስለሆነ የምንበላው ውጭ ነው አልን። በበዓል ሰሞን ደግሞ የከተማ ምግብ ቤት ያለ ዕቅድ አይደፈርም። ሠራተኛው ወደየቤቱ ስለሚሄድ የሚዘጋው ይዘጋል፤ የተከፈተው ይጨናነቃል፤ በከተራ ዕለት ታቦታቱ የሚያልፉባቸው መንገዶች ለመኪና ስለሚዘጉ ራቅ ካለ ሰፈር ሄዶ መብላት የማይታሰብ ነው። ዋጋውንማ ምን እንላለን! በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ በእነዚያ ጥቂት ወራት ያየነው ጭማሪ ለማንም የተሰወረ አይደለም።

ከዋጋው ይልቅ ያስቸገረን ግን የቀን አቆጣጠሩ ነበር። ሐሙስ ጥር 8 ማታ እንገባለን፤ ይህ የፍስክ ቀን ነው። ዓርብ ጥር 9 ጾም ነው። ቅዳሜ ጥር 10 ከተራ ነው፤ ገሃድ ስለሆነ ይጾማል፤ ቅዳሜ በመሆኑ ደግሞ የሚጾመው ከጥሉላት ብቻ ነው እንጂ እንደ ሌላው ቀን ሰዓት ተጠብቆ ከእህል ውሃ አይደለም። እሑድ ጥር 11 ጥምቀት ነው። ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል እንኳ ይበላል፤ እንኳንስ እሑድ ውሎ! ሰኞ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ነው፤ ምሳ በልተን እንመለሳለን። ቁርስን እያንዳንዱ በየራሱ ይወጣው ብለን ስንተወው 8 ማዕድ ቀረ። ሰባቱን በ220 ብር ሒሳብ 1,540 ብር አልን። የጥምቀቱ ምሳ ክትፎ ስለሆነ 860 ብር ያዝንለት። ድምሩ በነፍስ ወከፍ 2,400 ብር ሆነ።

ሠንጠረዡን በካሬ ወረቀት ላይ አስምረን ስንጨርስ እውነቱን ለመናገር ኮርተን ነበር። ሁሉም እኩል ያዋጣል፣ ሁሉም እኩል ይበላል። ከዚህ የበለጠ እኩልነት ከየት ይመጣል? ገንዘቡ በቴሌብር የሚገባበትን ስልክ ሰጠን፤ በጋራ የቴሌግራም ገጻችን ላይም የ11ዱን ስም ደርድረን ከከፈለው ሰው ስም ጎን ራይት እናደርግ ጀመር። በሦስት ቀን 10 ራይት ሞላ። አንድ ስም ባዶ ቀረ።

የባዶው ስም ባለቤት ከክፍላችን ጎበዝ ከሚባሉት አንዱ ነው። ወደ እኛ መጥቶ «እኔ ስእለት አለብኝ፤ በዓሉ እስኪያልፍ ጾም ነኝ። ለብቻዬ እንደሚሆነኝ አደርጋለሁ፤ እናንተ አታስቡ» አለን። እኛም አላሰብንም። እንዲያውም «በርታ!» አልነው። ከስሙ ጎን «ጾም» ብለን ጻፍንና ነገሩን ዘጋነው። አሁን መለስ ብለን ስናየው የሚገርመን መዋሸቱ ሳይሆን፣ እኛ ነገሩን ለመዝጋት የቸኮልነው መቸኮል ነው።

ሐሙስ ማታ ፓስታ ስንበላ አልነበረም። ዓርብ በሙዚየሙ ውስጥ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችውን የድንቅነሽን አጽም ቅጂ ስናይ ከሁላችንም በላይ ቆሞ ያነበበና ማስታወሻ የያዘ እሱ ነው፤ የምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን ጠፋ። ዓርብና ቅዳሜ ሁላችንም የምንበላው የጾም ስለነበር በጾም ምክንያት ከእኛ የሚለይበት ነገር አልነበረም። በየዓይነቱ ተዘርግቶ ከእንጀራው ጫፍ ወደ መሃል ስንገሠግሥ «ና እንጂ፣ የጾም እኮ ነው!» ብንለው «እኔ የምቀምሰው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው» አለ። ቅዳሜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደማይጾም ከመካከላችን የሚያውቅ ነበረ። ግን ማን ልብ ብሎ! የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም።

እሑድ ታቦት ሸኝተን፣ ልብሳችን በጠበሉ እንደራሰ፣ ከጃን ሜዳ ተጋፍተን ወጣንና ወደ ክትፎ ቤቱ ሄድን። «ዛሬስ አትቀርም» ብለን እጁን ጎትተን አስገባነው። አሳላፊዋ ትእዛዝ ስትቀበል ዘጠኛችን ክትፎ አልን። ተራው ሲደርሰው የዋጋ ዝርዝሩን ትንሽ አየት አደረገና «እኔ ጾም ነኝ» አለ። ከመካከላችን አንዱ «በጥምቀት ቀን ጾም! ይሄ ደግሞ የየትኛው ሃይማኖት ነው?» ብሎ ሳቀ። ሁላችንም ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ከዚያ በኋላ የወረደውን ዝምታ የዚያን ቀን እዚያ የነበረ ሰው አይረሳውም። ሁላችንም በአንድ ጊዜ ገባን፤ ግን ማንም መናገር አልቻለም፤ ቢናገርም የሚለው አልነበረውም።

ዝምታውን የሰበረችው ከጠረጴዛው ጫፍ የተቀመጠችው ሙስሊም እህታችን ናት። «እኔም እኮ ዛሬ ጾመኛ ነኝ፤ ሥጋው የክርስቲያን ነው። ሽሮ ነው ያዘዝኩት። ና፣ ጾመኞቹ አብረን እንብላ» አለችው። ተነስቶ እጁን ታጠበና ከእሷ ትሪ በላ። እኛ የዓመቱን ክትፎ አቀርቅረን ዋጥን።

በዚያች ደቂቃ የተገለጠልን አንድ ሳይሆን ሁለት በደል ነው። የእሱ በጾም ተሸፍኖ ነበር፤ የእሷ ደግሞ በዝምታ። ኮሚቴው ሲያቅድ እሷ የክርስቲያን ሥጋ እንደማትበላ ሦስታችንም እናውቃለን፤ አራት ዓመት ሙሉ አብረን የኖርን ነን። እንደዚያም ሆኖ የክትፎውን 860 ብር ከእሷም ሰበሰብን። ሒሳቡ ሲመጣ ደግሞ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ያልተጨመረ 15 በመቶ ቫት ነበረበት። ለዘጠኛችን ክትፎ የተጠየቀው ቫት 1,161 ብር ነው። የእሷ ሽሮ ከነቫቱ 276 ብር ስለሆነ ከያዝንላት ገንዘብ የተረፈው 584 ብር እዚያ ላይ ዋለ። በአጭሩ፣ የእኛን ክትፎ ቫት ግማሽ ያህል የከፈለችው ክትፎ ያልበላችው ልጅ ናት። ይህ ሁሉ የተፈጸመው «ሁሉም እኩል ያዋጣል፣ ሁሉም እኩል ይበላል» በሚለው መመሪያ ነው። ማንም አልሰረቀም፤ ማንም አላጭበረበረም። ሠንጠረዡ ዛሬም ቢደመር ልክ ነው።

ማታ ወደ ማደሪያችን ስንመለስ ያ ጓደኛችን እውነቱን ነገረን። ከአውቶቡስ መሳፈሪያው ሌላ ለአምስቱ ቀን የያዘው 600 ብር ነበር። ጠዋትና ማታ ዳቦ በሻይ ይበላ ነበር። (ይህን ጽሑፍ ከማሳተማችን በፊት አነበብንለት። እንዲወጣ ፈቀደ፤ አንድ ነገር ብቻ አስተካከለን፦ «ቅዳሜ ቆሎም ገዝቻለሁ።») እሱ ከተኛ በኋላ እኛ ሦስታችን እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። የክርክሩን ፍሬ ነገር ለአንባቢ ማካፈል የፈለግነው የእኛ ጉዳይ ብቻ ስላልመሰለን ነው። ዶርም ውስጥ ልደት ሲከበር፣ ለምረቃ ሲዋጣ፣ ለቅሶ ሲደረስ ሁሌም አንድ ባዶ ስም አለ።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ጥፋተኛው ማን ነው?» የሚል ነበር። አንዳችን «ይነግረን ነበር እኮ! አስራችን ለአንድ ሰው ያቅተን ነበር? በገዛ ውሸቱ ተራበ» አለ። ኢማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 ባወጣው ጽሑፍ፣ ወዳጁን ሊገድል የሚፈልገውን ሰው ለማሳሳት እንኳ መዋሸት አይገባም ብሎ ተከራክሯል። በዚያ ሚዛን ከሆነ «ጾም ነኝ» ያለው ሰው በደለኛ ነው። እኛ ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጠይቃለን። እውነቱን ለመናገር ምን ይከፍል ነበር? በ11 ሰው ፊት፣ ራይት በሚደረግበት ገጽ ላይ፣ «የለኝም» ማለት ነበረበት። እኛ ክፍያውን የሁሉም አደረግን፤ የእውነቱን ዋጋ ግን ለእሱ ብቻ ጫንንበት። ውሸት ክፉ ነው፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ሰውን በውሸት ካልሆነ በስተቀር በክብር የማያስቀምጥ ማዕድ ያሰናዳ ሰው፣ ከውሸቱ ድርሻውን መውሰድ አለበት።

ሁለተኛው ጥያቄ የእኩልነት ነው። አርስቶትል በኒቆማኪያዊው የሥነ ምግባር መጽሐፉ በሁለተኛው ክፍል ስለ ልክ ሲያስተምር ምሳሌ ያደረገው ምግብን ነው። 10 ምናን ለአንድ ሰው ቢበዛ፣ 2 ምናንም ቢያንስ፣ አሠልጣኙ ተነስቶ ለሁሉም 6 አያዝም፤ 6 ምናን ለታጋዩ ለሚሎን ትንሽ ነው፣ ለጀማሪ ግን ብዙ ነው ይላል። በአምስተኛው ክፍል ደግሞ፣ ጠብ የሚነሳው እኩል የሆኑ ሰዎች እኩል ያልሆነ ነገር ሲደርሳቸው ወይም እኩል ያልሆኑት እኩል ሲደርሳቸው ነው ይላል። ይህን ለፈተና አጥንተነዋል፤ ጽፈነዋል፤ ጥሩ ማርክም አግኝተንበታል። ሆኖም የ2,400 ብሩን ሠንጠረዥ ስናሰምር አንዳችንም አላስታወስነውም። ከቤት በየወሩ ለሚላክለት ልጅ 2,400 ብር አንድ ወር ቆጠብ ማለት ነው፤ ለሌላው ግን የእናቱን ጤፍ መሸጥ ነው። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ሸክሙ ግን አንድ አይደለም። እኛው ራሳችን በ1996 ዓ.ም. በተጀመረው የወጪ መጋራት ሥርዓት የምንማር ሰዎች ነን፤ የትምህርቱን ዕዳ የምንከፍለው ተመርቀን ሥራ ስንይዝ ነው። ሰው የሚጠየቀው በሚችልበት ጊዜ ነው የሚለው ሐሳብ እንግዳችን አልነበረም ማለት ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደን ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ ምዕራፍ 11 ላይ የዚያችን ከተማ ምእመናን የሚገሥጻቸው ለማዕድ ተሰብስበው እያንዳንዱ የየራሱን ስለሚበላ ነው፤ አንዱ ሲራብ ሌላው ይሰክር ነበር። ልብ በሉ፤ የተቆጣቸው ስለበሉ አይደለም። የሌላቸውን ስላሳፈሩ ነው። የድሃ ጉዳት ሁለት ነው፦ አንዱ ረኃብ፣ ሁለተኛው ኀፍረት። ረኃቡን ዳቦ በሻይ ያስታግሰዋል። ኀፍረቱን የሚያስታግሰው ግን የማዕዱ አቀማመጥ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ «ችግሩ ይሉኝታ ነው፤ ይሉኝታ ኋላ ቀር ባሕል ነው፣ ይጥፋ!» የሚል ወገን እንዳለ እናውቃለን። ከመካከላችንም አንዱ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ይህን ይዞ ነበር። ይሉኝታ ብዙ ሰው እንደጎዳ እኛም አንክድም። ነገር ግን ለመሆኑ ይሉኝታ ያጠቃው እሱን ብቻ ነው? ለእህታችንስ ለማትበላው ሥጋ ከፍላ ዝም ያሰኛት ምንድን ነው? «በዓላቸውን ላበላሽባቸው?» የሚል ይሉኝታ አይደለም? እኛንስ «ጾም ነኝ» ሲለን «እውነትህን ነው ወይ?» ብለን እንዳንጠይቅ የያዘን ምን ነበር? ይሉኝታ የሁላችንም ነው፤ የሚከፈልበት ግን ሁልጊዜ ከታች ያለው ነው። ስለዚህ ይሉኝታን በአዋጅ ከማጥፋት ይልቅ፣ ሸክሙን ከአቃጁ ላይ ማሳረፍ ይሻላል። መጠየቅ ያለበት ያጣው አይደለም፤ ዕቅድ የሚያወጣው ነው። ያውም በአደባባይ ሳይሆን ለብቻ፣ ያውም ብሩ ከመወሰኑ በፊት።

«እንግዲያው ክትፎው ይቅር?» የሚለው ተቃውሞ ደግሞ ቀላል አይደለም። ዓመቱን ሙሉ የካፌ ወጥ የበላ ተማሪ በጥምቀት ቀን ደህና ነገር ቢያምረው ኃጢአት የለበትም። በዓል የሚባለውም ከሌላው ቀን ስለሚለይ ነው። ሁላችንንም ወደ ዳቦ በሻይ የሚያወርድ እኩልነት ማንንም አያጠግብም፤ ያ ጓደኛችንም አልጠየቀንም። መልሳችን ይህ ነው፦ የጋራ ማዕድ በጋራ አቅም ይሠራ። የጋራው ምሳ ከመካከላችን አነስተኛ አቅም ካለው ሰው ኪስ ይነሳ፤ ሁሉም ከሚበላው ዓይነትም ይሁን። ዓርብና ቅዳሜ ለ10 ሰው በ2,200 ብር የቀረበው በየዓይነቱ ለሙስሊሟም ለክርስቲያኑም የሚሆን፣ ሁላችንም ከአንድ ትሪ የበላነው ምግብ ነበር። ከጉዞው ሁሉ የሳቅንበትና የተጫወትንበት ማዕድም እሱ ነው። ክትፎ ያማረው ሰው ደግሞ የጋራው ሰዓት ሲያልፍ ሄዶ ይብላ፤ ማንም አይከለክለውም። ያልነበረብን ነገር ክትፎውን የሁላችን በዓል ብለን መሰየም ነው።

አንድ ክርክር ቀረ። «ሁሉም በአቅሙ ይስጥ ከተባለ ያለውም የለኝም እያለ ይቀመጣል» የሚለው ነው። ይህን በወሬ ሳይሆን በተግባር የሞከርነው ሰኞ ዕለት ነው። በክትፎው ቫት ምክንያት ካዝናችን 577 ብር ጎድሎበት ስለነበር ለሰኞ ምሳ የቀረን 1,623 ብር ብቻ ነው። አሁን ደግሞ የምንቆጥረው 10 ሳይሆን 11 ነው፤ በ220 ብር ሒሳብ 2,420 ብር ያስፈልጋል። 797 ብር ይጎድላል። ስም የሚጻፍበት ዝርዝር አላወጣንም፤ ራይትም አላደረግንም። አንድ ፖስታ በየተራ ወደ ጓዳ ተወሰደ። እያንዳንዱ ለብቻው ገብቶ፣ ያሻውን ጨምሮ ወይም ምንም ሳይጨምር ወጣ። ያ ጓደኛችንም እንደማንኛችንም ገብቶ ወጣ። ፖስታው ሲከፈት 1,150 ብር ተገኘ።

ማን ስንት እንደጨመረ እስከ ዛሬ አናውቅም። ምናልባት ምንም ያልጨመረ ይኖር ይሆናል፤ ያለው ሆኖ የሰሰተም ይኖር ይሆናል። አንድ ጊዜ በ11 ወዳጆች መካከል የሆነ ነገር ለሺህ ሰው ይሠራል ብለንም አንከራከርም። የምናውቀው ይህን ብቻ ነው፦ ሰኞ ምሳ ላይ ሁለት ትሪ በየዓይነቱ ቀረበ፤ 11ዳችንም ተቀመጥን፤ ማንም «ጾም ነኝ» አላለም። የተረፈውን 353 ብር በሌላው በዓል ቀን ስታስተናግደን ለዋለችው አሳላፊ ጉርሻ ሰጠናት።

በመጪው ጉዟችን የምግብ ኮሚቴ ለምትሆኑ ሁሉ አንድ ነገር አደራ እንላለን። ብሩን ከመደመራችሁ በፊት ስሞቹን አንድ በአንድ አንብቡ፤ በእያንዳንዱ ስም ላይም «ይህ ልጅ በዚህ ማዕድ ለመቀመጥ መዋሸት ያስፈልገው ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ያላነበብነው አንድ ስም ነበር፤ ሒሳባችን ግን እስከ መጨረሻው ልክ ነበር።